የቀትር ስልክ

ኬብል ቀጣይ ባልደረቦቹ ቀስተ ደመና ይሉታል፤ ሲያቆላምጡት ደግሞ ቀስቴ። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ከአስፋልቱ በታች ባለ ጉድጓድ ውስጥ የክንድ ውፍረት ያለው የስልክ ኬብል ሲላጥ፣ ከጥቁሩ ሽፋን ሥር ቀለም በቀለም የሆነ የሽቦ ጎፈሬ ዱብ ይላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥንድ ሽቦ አለው፤ እያንዳንዱም ጥንድ የራሱ ሁለት ቀለም። ነጭ ከሰማያዊ፣ ነጭ ከብርቱካን፣ ነጭ ከአረንጓዴ እያለ ይወርድና ተራው ለቀይ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ለጥቁር፣ ቀጥሎ ለቢጫ። የቀጣይ ሥራ የዚህኛውን ኬብል ጥንድ ከዚያኛው ኬብል አቻው ጋር ማጋጠም ነው። ሲያወሩት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። አንድ ጥንድ ቢሳሳት ግን ለዳቦ ቤቱ የተደወለው ስልክ ፀጉር ቤት ይጮኻል፤ ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን እንደያዘ ዳቦ የለንም እያለ ሲምል ይውላል።

በዚህ የተነሳ ሌሎቹ ቀጣዮች ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዱ ቀለሙን ይጠራል፣ ሌላው ተቀብሎ እየደገመ ያጋጥማል። ቀስተ ደመና ግን ጠሪ አይወድም ነበር። ቀለሞቹን እንደ ዘፈን እያወረደ፣ ለራሱ እያንጎራጎረ ብቻውን ይጨርሳል። ጠሪ የሚያስፈልገው ለሚረሳ ሰው ነው ይላል። ጉራው ጉራ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰውየው ተሳስቶ አያውቅም፣ ያልተሳሳተ ሰው ጉራ ደግሞ ብዙም አይጎረብጥም።

የተመታ ቀን ሞቃት ነበር። ሄልሜቱን አውልቆ መሰላሉ ላይ ሰቅሎ ሲሠራ ቆየና፣ ከላይ የረሳውን ፒንሳ ሊያመጣ ሽቅብ ተስፈንጥሮ ሲወጣ የጉድጓዱ አፍ የብረት ክፈፍ አናቱን አገኘው። ደም አልወጣም። ነጭ ብርሃን ብልጭ አለበት፤ ከዚያ የመንገዱ ጫጫታ በሙሉ ማዶ ሰፈር እንዳለ ድግስ ራቀበት። ደስ የሚል ነገር እንኳን ነበረው። ባልደረባው በብብቱ ገብቶ ጎትቶ አወጣው። ይህ ባልደረባ ሹክሹክታ ይባላል፤ ያሉትም ድምፁ ሰፈር አልፎ ስለሚሰማ ነው። ጣቶቹን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ስንት ናቸው ብሎ ጮኸበት። ቀስተ ደመና ትክ ብሎ አያቸውና፣ ጣት መሆናቸውንም እንጃ፣ ሙዝ ነው የሚመስሉት አለው። ሁለቱም ሳቁ። ሲስቅ ግን አስፋልቱ ከእግሩ ሥር ቀስ ብሎ ተንሸራተተበትና ቁጭ አለ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ የምትናገር። ጭንቅላቱ በማሽን ተነስቶ ፎቶው ሲመጣ ደጋግማ አየችው።

«አጥንትዎ ደህና ነው፣ የፈሰሰ ደምም የለም» አለችው። «ፎቶው ላይ የሚታይ ምንም ነገር የለም። እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳችው። የአንጎል መናወጥ ይባላል። አንጎል ለስላሳ ነገር ነው፤ ራስ ቅል ድንገት ሲቆም እሱ ባንዴ አይቆምም፣ ይናጣል፣ ይጠማዘዛል። ውስጡ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ፣ የአንዱን ክፍል መልእክት ለሌላው የሚያደርሱ የነርቭ ክሮች አሉ። በዚያ ንቅናቄ ጊዜ ክሮቹ ይለጠጣሉ። አብዛኞቹ እዚያው አይበጠሱም፤ ነገር ግን በውስጣቸው የሚመላለሰው ሁሉ መንገድ ላይ ይጠራቀማል፣ ክሩ ያብጣል፣ መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዱም ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው ይሄዳል፣ ይስቃል፣ ያወራል፤ ሐሳቡ ግን ይጎተታል። ሁለት ነገር ባንዴ መያዝ ያቅተዋል፣ ቃል ይጠፋበታል፣ ብርሃንና ጩኸት ያደክመዋል። ጊዜ ካገኘ አብዛኛው ሰው ይድናል። ብቻ እሷ እንደገና ሳታየው ጉድጓድ እንዳይገባ፤ የመጀመሪያው ሳይሽር ሌላ ምት ቢጨመርበት የከፋ ነው አለችው።

ቀስተ ደመና ይህ ሁሉ ከሚገባው በላይ ገባው። ሽፋኑ ሳይነካ ውስጡ የተጎዳ ኬብል ሲፈልግ ነው ያረጀው። ከብልሽት ሁሉ እንደሱ የሚያስጠላ የለም፤ ከላይ ሲያዩት አዲስ ነው። ስለገባው ፈራ። ሲፈራ ደግሞ ይቀልዳል።

«ታዲያ ይላጡኝና ያጋጥሟቸዋ» አላት።

«እኔ አላጋጥማቸውም፤ ጊዜ ነው የሚያጋጥማቸው» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። ጊዜ የሚባለውን ሠራተኛ ግን ቀስተ ደመና አያውቀውም፤ አያምነውምም።

ቤት ዋለ። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ጠዋት መጋረጃውን ጋርዳለት ትሄዳለች። ብርሃኑ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ይሠራል። መስመሩ ከቁም ሣጥኑ ተነስቶ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ሲያየው ይውላል፤ ሲደርስ ቀኑ አልቋል። ሻይ ሊያፈላ ተነስቶ ማድ ቤቱ በር ላይ ይቆምና ምን ሊያደርግ እንደመጣ ይጠፋዋል። መጥፋቱ አያምም። እንዲያውም ለስለስ ያለ ነገር ነው፤ ሰው ሊተኛ ሲል ሐሳቡ ከእጁ እንደሚንሸራተት ያለ። ደርሶ የሚያስደነግጠው ሲነቃ ነው። አንድ ቀን ሚስቱን መቀስ አቀብዪኝ ሊላት ፈልጎ ቃሉ እምቢ አለው። «ያን... የሚቆርጠውን» አላት። መቀሱን አቀበለችውና ፊቱን አየችው። ሳትጠይቀው ደህና ነኝ አላት። ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ የሚለው ነገር አፉ ውስጥ እንደ ማስቲካ ዋለ አደረ።

እውነቱን ለመናገር የፈራው ሕመሙን አልነበረም፤ መጋዘኑን ነው። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሐኪም ያልፈቀደለት ቀጣይ ጉድጓድ አይገባም፤ መጋዘን ተቀምጦ ብሎን ይለያል። እዚያ የገባ ሰው ሲወጣ ያየ የለም። ዓይኑ የደከመ አንድ ሽማግሌና እጁ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ሽማግሌ አንድ አምፖል ሥር ፊት ለፊት ተቀምጠው ትልቁን ብሎን ከትንሹ ሲለዩ ይውላሉ። ቀስተ ደመና በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ሰላም ብሎ ያፈተልክ ነበር። ቀለሞቹን ቢወስዱበት ከእሱ ምን እንደሚተርፍ አያውቅም። ስለዚህ ሐኪሟ የቀጠረችው ቀን ሳይደርስ ተነስቶ ሄደና አለቃውን፣ ፈቅዳልኛለች አለው። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ የሚጠረጥረው የለም። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ መሣሪያውን መለሰለት።

በተመለሰበት ሰኞ የደረሰው ሥራ እናቱ ሰፈር ነበር። ቧንቧ ሊቀብሩ የቆፈሩ ሰዎች ኬብሉን በጥሰውት የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ጭጭ ብሏል። ሹክሹክታ ከላይ ሆኖ ልጥራልህ ወይ አለው። ባንተ ድምፅ ከተጠራማ የቀረውም ሽቦ ይበጠሳል ብሎት ወረደ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚተከለው ድንኳን ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይዋ በሱ ስትጣራ ከታች ያለው ነገር ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ድሮም እንዲሁ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሽቦዎቹ ጣቶቹ መካከል ሲበታተኑ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ መሰሉት። ነጮቹን በሰላም ጨረሰ። ቀዩ ላይ ሲደርስ እንጉርጉሮው ቆመ። ቀይ ከግራጫ ይዞ አቻውን ማዶ ፈልጎ ሲያገኝ፣ በእጁ የያዘው ምን እንደነበር ይጠፋዋል፤ ተመልሶ የያዘውን ሲያይ ደግሞ የማዶው ይጠፋዋል። ሁለቱን ባንድነት የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። የሚገርመው አለመናደዱ ነው። ከላይ የሚያልፈው የእግር ኮቴ ዝናብ ዝናብ ይለዋል። አንዲት ወይንጠጅ ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በዕድሜው አይቷት የማያውቅ ይመስል፣ ስታምር እያለ ብዙ ቆየ። ልቡ ሲመለስ እጆቹ ለብቻቸው ሥራውን ይዘው ሄደዋል። አመናቸው። መጋጠሚያውን ዘግቶ፣ አሽጎ ወጣ። የሰፈሩም ስልክ ነፍስ ዘራ።

እናቱ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጆሮዋም ደከም ብሏል። ጎረቤቷ ጠዋትና ማታ ብቅ እያለች ትረዳታለች፤ ቀትር ላይ ደግሞ እሱ ይደውላል። እሷ ቁጥሩ ስለማይታያት አትደውልም፤ ያንን አሮጌ፣ ድምፅን ሁሉ የሚያሻክር ስልክ አልጋዋ አጠገብ አድርጋ ትጠብቃለች። እንዴት አደርሽ፣ በላሽ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ይላታል። ደህና፣ በላሁ፣ ዋጥኩ ትለዋለች። ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ የሚለው ያው ነው፤ እናትም ሁሉ የምትመልሰው ያው።

ማክሰኞ ቀትር ሲደውል «ወዬ ልጄ» የሚለው ድምፅዋ ወፈር ያለ መሰለው። ጉንፋን ይዞሻል ወይ ቢላት፣ አንተን እንጂ እኔን ምን ይይዘኛል፣ ድምፅህ ሌላ ሆኗል አለችው። ከተመታ ወዲህ ሰው ሁሉ ባልዲ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለው ስለነበር ነገሬ አላለውም። ያስደነገጠው ቀጥላ የጠየቀችው ነው።

«ልጅቷ ጥርስ አወጣች?»

የቀስተ ደመና ልጅ አንዲት ናት፤ ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ሌላ ከተማ የምትኖር ትልቅ ሴት። የትኛዋ ልጅ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ይህን ከጠየቀ እናቱ ለሚስቱ ትነግራለች፣ ሚስቱ ለሐኪሟ፣ ሐኪሟ ለአለቃው፤ መጨረሻው እዚያ አምፖል ሥር ነው። ከዚያ የባሰ ፍርሃትም መጣበት። ምናልባት ልጅቷ አለች። የረሳት እሱ ይሆናል።

«አወጣች» አለ።

የላይኛውን ነው የታችኛውን ስትለው የታችኛውን አላት፤ ከዋሹ አይቀር ብሎ። እናትየው እሰይ ብላ ሳቀች። ሞቅ ያለ፣ ቤት የሚሞላ ሳቅ ነበር፤ እናቱ እንዲህ ስትስቅ ሰምቶ የማያውቅ መሰለው።

አመሻሹ ላይ ሚስቱ ሳትመለስ በየክፍሉ ዞረ። አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ የጓዳውን በር ከፈተ። የሚፈልገው የሕፃን አልጋ ነበር፣ ወይም ጡጦ፣ ወይም አንዲት ትንሽ ካልሲ። ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ የምሽቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቶ፣ የሆነ ቦታ ትንፋሽ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲያዳምጥ የራሱ ነው። ሚስቱ መጥታ ጓዳው በር ላይ ቆሞ አገኘችውና ምን ጠፋህ አለችው። ምንም አላት። ሲናገር ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ግን አየችበት፤ እጁን ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱ ሄደ። ቀትር በመጣ ቁጥር ይደውላል፤ የማያውቀውን ነገር ትጠይቀዋለች፤ አዎ ይላታል። ወንበሩን ቀባኸው? ቀባሁት። ያ ጓደኛህ ታረቀህ? ታረቀኝ። ድሮ ጥያቄውን ጨርሶ ለመዝጋት ይቸኩል የነበረ ሰው፣ አሁን ቃል እስኪያገኝ ስለሚዘገይ እሷ መሐሉን ትሞላዋለች፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ በልጅነቷ ስለተሻገረችው ወንዝ ታወራዋለች። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰሞኑን ልብ ገዝተሃል ልጄ፣ እንዲህ አስጨርሰኸኝ አታውቅም አለችው አንድ ቀን። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከቀኑ ሁሉ የሚወዳት ሰዓት ያቺ ሆነች።

ሐሙስ ዕለት ሹክሹክታ ለብቻ ጠራው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ እሱ ድምፁን ሲቀንስ ነገር አለ ማለት ነው።

«እናትህ ሰፈር ባለው መጋጠሚያ ላይ ሁለት መስመር ተሻግሮ አገኘሁ» አለው።

«እርጥበት ነው።»

«እርጥበት መስመር ያንጫጫል እንጂ ቀለም አያቀያይርም፣ ቀስቴ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለልብስ ሰፊዋ የተደወለ ስልክ ጥርስ ሐኪሙ ጋ እየጮኸ፣ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷ የደረሰ መስሏት ሄዳ የጥርስ መንቀያ ወንበር ላይ ተቀመጪ ተብላለች። ሹክሹክታ ስሞታ የመጣባቸውን መስመሮች ለማንም ሳይናገር አስተካክሏል። ሌላውን አላየሁም አለው፤ ሙሉውን ለመፈተሽ መጋጠሚያው እንዳለ መከፈት አለበት፣ ያኔ አለቃችን መስማቱ ነው። ሌላ ስሞታ ከመጣ ግን እኔው እነግርብሃለሁ፣ ወዳጅህ ስለሆንኩ ነው አለው። ቀስተ ደመና ንገር፣ ሂድና ንገር ብሎ ጮኸበት። ጩኸቱ የራሱን ጭንቅላት ወጋውና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሹክሹክታ ውሃ አመጣለትና ያልሰማ መስሎ ሄደ።

በዕረፍት ቀኑ እናቱን ሊያይ ሄደ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጉልበቷ ላይ አርፎ፣ የሞቀውን ቦታ በመዳፏ እየዳበሰች አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እማዬ ሲላት ፊቷ በራ። ጥቂት ካወራ በኋላ ግን አንገቷን ወደሱ ዘንበል አድርጋ ታዳምጠው ጀመር፣ የሆነ ነገር እንደጠፋት ሁሉ። እሱም ግራ ገብቶታል። ድምፅዋ ወፍራም አይደለም፤ ያው የድሮው ቀጭኑ ነው። ጉንፋኑ ለቀቀሽ ሲላት የምን ጉንፋን አለችው። ጥርስ ስለምታወጣው ልጅ ማንሳት ፈራ።

ቀትር ሆነና ስልኩ ጮኸ።

እናቱ ፈገግ ብላ እጇን ሰደደች። «ልጄ ነው» አለች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። ፊቷን ወደሱ መለሰች።

«አንተ እዚህ ከሆንክ፣ ይኼ ማነው?»

ለአፍታ ያህል ቀስተ ደመና የሚደውለው እሱ ራሱ መሰለው። ሌላው፣ ያልተመታው እሱ፤ የሆነ ቦታ በሰላም የሚሠራ፣ ቃል የማይጠፋው። ሊያነሳው ፈርቶ ነበር። አነሳው።

«እማዬ፣ ቸኩያለሁ፤ እንዴት አደርሽ? መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» አለው ጥርት ያለ የጎልማሳ ድምፅ።

«ማን ልበል?»

«አንተ ማነህ? እናቴ ቤት ምን ትሠራለህ?»

ቀስተ ደመና የስልክ ሠራተኛ መሆኑን ነገረው። ከዚያ ምላሱ ቀደመውና፣ ትንሽ ልጅ አለችህ ወይ ብሎ ጠየቀው። አለችኝ አለ ሰውየው በጥርጣሬ። ጥርስ አውጥታለች? ገና ናት፣ ድዷ አብጦ እንቅልፍ ነስታናለች፤ ምነው? ቀስተ ደመና ዓይኑን ጨፈነ። መስመራችሁ ከኛ መስመር ጋር ተሻግሯል፤ ለእናትህ ስትደውል የኔ እናት ጋ እየመጣህ፣ እኔ ስደውል እናትህ ጋ እየሄድኩ ከርመናል አለው። እናትህ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል፣ አስጨርሳት ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የረሳት ልጅ የለችም። ጭንቅላቱ ውስጥ የጠፋች ሕፃን የለችም። የተበላሸው መስመሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ደስታው ትንሽ ቆየ፤ መጋጠሚያውን ማን እንዳጋጠመው እስኪያስታውስ ድረስ ማለት ነው። ያኔም ቢሆን መውጫ ፈለገ። ሹክሹክታን ለምኖ ድንኳን ተክለው መስመሩን ቢመልሱት ማን ይሰማል? ስሞታ ያቀረበ የለም። ሁለት እናቶች ናቸው፣ ሁለቱም የሚያማርሩ አይደሉም።

እናቱ ምንድነው ብላ ጠየቀችው። ነገራት። ሳምንቱን ሙሉ የሚደውልልሽ እኔ አልነበርኩም፤ የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ መስመር ተሳስቶ ነው አላት። እየሳቀ ነበር የነገራት፤ አብራው የምትስቅ መስሎት።

አልሳቀችም። እጆቿ ጉልበቷ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ፣ ዝም አሉ።

«እኔ ደግሞ ድነሃል ብዬ ነበር» አለች።

«ከምን?»

«ከተመታህ ወዲህ ስትደውል መሐል ላይ ትቆም ነበር፣ ቃል ፍለጋ። ስጠይቅህ ደህና ነኝ ትላለህ፣ እኔም እንዳይከፋህ ብዬ ዝም እላለሁ። ማክሰኞ ስልኩን ሳነሳ ግን ፈጠን አልክልኝ። እንደ ድሮህ ቸኮልክብኝ። ልጄ ተመለሰልኝ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳመሰግን ሰነበትኩ።»

ቀስተ ደመና ቀልድ ፈለገ፤ አልነበረም። አለቃውን አታሎ፣ ሚስቱን አታሎ፣ ዓይን የሌላት እናቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ሰምታው ኖሯል። ከማታውቀው ሰው ድምፅ ያገኘችውን ልጇን አሁን መልሶ ነጠቃት። ልቡ ተሰበረ።

«አሁንስ?» አላት በመጨረሻ። «አሁን ስሰማ... እንዴት ነኝ?»

እጇን ዘርግታ ፈለገችው፣ ፊቱን አገኘች፣ ወደ አናቱ ወጣች። የተመታበትን ቦታ ሳያሳያት ደረሰችበት።

«አሁንማ እዚህ ነህ» አለች። «ቀስ ብለህ አውራኝ። እኔ የትም አልሄድ።»

ከዚያ ስልኩን ወደ ጉልበቱ ሳበና የአለቃውን ቤት ቁጥር አዞረ። አለቃው ምነው በዕረፍት ቀን አለው። ቀስተ ደመና ሐኪሟ እንዳልፈቀደችለት፣ እሱ ዋሽቶ እንደገባ፣ እናቱ ሰፈር ያለውን መጋጠሚያ በሙሉ ሌላ ሰው ከፍቶ እንዲያየው ነገረው። ነገ መጋዘን እገባለሁ ሊል ሲል ቃሉ ከአፉ ላይ ጠፋ። አለቃው ከማዶ ሃሎ፣ ሃሎ እያለ ነው። እናቱ ክንዱን ይዛዋለች።

«ቆይ» አለ ቀስተ ደመና። «ቃሉ ጠፍቶኝ ነው።» እስኪመጣለትም ድረስ ጠበቀ።